አምባገነኖች ዩኒቨርሲቲ መክፈት ለምን ይወዳሉ?

አምባገነን መንግሥትና ዩኒቨርሲቲ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ነገር የታወቀ ነው። ወታደር ግቢ ይገባል። ተማሪ ይደበደባል፣ መምህር ይታሰራል፣ በሩ ይታሸጋል። ውሸት አይደለም፤ ሆኗል፣ ዛሬም የሚሆንበት አገር አለ። ግን በጉዳዩ ላይ የተሠሩ የሶሺዮሎጂ ጥናቶችን ቁጭ ብላችሁ ስታነቡ ሌላ፣ ትንሽ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማችኋል። ብዙዎቹ አምባገነኖች ዩኒቨርሲቲ ይወዳሉ። ይከፍታሉ፣ ያስፋፋሉ፣ ሪባን ይቆርጣሉ፣ የተማሪውን ቁጥር በየሪፖርቱ ያስነግራሉ። እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው። ስለ ዱላው ብዙ ተጽፏል፤ ዛሬ ስለ ሪባኑ ላውራ።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከአገር አገር እየዘለልኩ ስለምጽፍ ወደኛው መቀየሩ ራስ ምታት ነው።)

ብራዚልን እንውሰድ። ወታደሮቹ ሥልጣን የያዙት በ1964 ነው። ያኔ በመላ አገሪቱ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ150 ሺህ አይበልጥም። በ1980፣ ወታደሮቹ ገና ወንበራቸው ላይ እያሉ፣ ከ1.3 ሚሊዮን አልፏል። የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት ወግ ባለው መልኩ የተደራጀው በነሱ ዘመን ነው። ለምርምር ገንዘብ በብዛት መፍሰስ የጀመረውም እንዲሁ። በዚያው ዘመን፣ በ1969 መጀመሪያ ላይ፣ ቁጥር 477 የተባለ አዋጅ ወጣ። "አፍራሽ" በተባለ እንቅስቃሴ የተገኘ ተማሪ ይባረራል፤ ተባሮም ለሦስት ዓመት የትኛውም ዩኒቨርሲቲ መመዝገብ አይችልም። መምህር ከሆነ ቅጣቱ አምስት ዓመት ነው። በዚሁ ዓመት ከሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ በግድ ጡረታ እንዲወጡ ከተደረጉት መካከል ፍሎሬስታን ፈርናንዴስና ፈርናንዶ ኤንሪኬ ካርዶዞ የሚባሉ ሶሺዮሎጂስቶች ይገኙበታል። ካርዶዞ ያኔ አርባ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። የአርባ ዓመት ጡረተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ በአንድ እጁ እየገነባ በሌላው የሚያባርር መንግሥት ሲያዩ ሰዎች "እርስ በርሱ ይጋጫል" ይላሉ። እኔ አይጋጭም ባይ ነኝ። አንድ ፖሊሲ ነው።

ነገሩን ከመንግሥቱ ወንበር ሆናችሁ እዩት። ሐኪም ያስፈልጋችኋል፣ መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል፣ ግብር የሚሰበስብና ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋችኋል። ልጄ ዲግሪ ይያዝልኝ የሚል ወላጅ በየከተማው ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰው አካባቢ ያኮርፋል። ሥራ የሌለው የ18 ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ከሚውል አራት ዓመት ግቢ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል። ሕንፃ ደግሞ ፎቶ ላይ ያምራል። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ እነዚህን ሁሉ ወጣቶች አንድ ቦታ ሰብስባችሁ፣ መጽሐፍ ሰጥታችሁ፣ "አስቡ ግን ስለዚህ አታስቡ" ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማስፋፊያውና መቆጣጠሪያው አብረው ይገነባሉ።

መስፋፋቱ ራሱ የአምባገነኖች ብቻ እንዳልሆነ ግን መናገር አለብኝ። ኢቫን ሾፈርና ጆን ማየር የሚባሉ ሶሺዮሎጂስቶች በ2005 ባወጡት ሥራ በ1900 በዓለም ላይ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ በ2000 ወደ 100 ሚሊዮን መጠጋቱን ያሳያሉ። ነገራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ መኖሩ የዘመናዊ አገርነት ምልክት ሆኗል፣ እንደ ባንዲራና እንደ ብሔራዊ ባንክ። ሀብታምም ድሃም፣ የተመረጠም ያልተመረጠም መንግሥት ሊኖረው ይፈልጋል። ስለዚህ "ለምን ይከፍታሉ" የሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ "ሁሉም ስለሚከፍት" ነው።

በተቃራኒው የሄዱም አሉ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር፣ በኤፕሪል 1933፣ "መጨናነቅን ለመከላከል" በሚል ስም ሕግ አወጡ፤ አዲስ ከሚገቡት ተማሪዎች አይሁዶች ከ1.5 በመቶ እንዳይበልጡ ተወሰነ፣ ቀጥሎም ለሴቶች 10 በመቶ ጣሪያ ተበጀ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቁጥር እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ከግማሽ በላይ ወረደ። በኋላ ሐኪምና መሐንዲስ ሲጠፋ ነው የነቁት። ምሥራቅ ጀርመንም መጀመሪያ ላይ የሠራተኛና የገበሬ ልጆችን በልዩ ፋኩልቲ እያዘጋጀች በሰፊው ስታስገባ ቆይታ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በሩን አጠበበች። እቅዱ ከሚጠይቀው በላይ ምሩቅ አልፈልግም አለች።

ድሮ አንድ ተስፋ ነበር። ትምህርት ሲስፋፋ ሕዝብ ይነቃል፣ ሕዝብ ሲነቃ ዴሞክራሲ ይመጣል። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ሲይሞር ሊፕሴት በ1959 ይህን መልክ አስያዘው፤ ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት የእርዳታ ድርጅቶች ሰነድ ማሟሻ ሆነ። ኋላ ላይ እነ ኢኮኖሚስቱ ዳሮን አሴሞግሉ ቁጥሩን በደንብ ሲያበጥሩት፣ አንድ አገር የራሷን ትምህርት ስላሳደገች ብቻ ወደ ዴሞክራሲ እንደማትሄድ አሳዩ። እኔን ይበልጥ የመሰጠኝ ግን በዚምባብዌ ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ከ1980 ነፃነት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሰፊው ተከፈተ፤ ተመራማሪዎቹ ዕድሉን ያገኙትን ካላገኙት ጋር አወዳደሩ። የተማሩት ሰዎች ዴሞክራሲን የበለጠ ይደግፋሉ፣ መንግሥትንም የበለጠ ይተቻሉ። በምርጫና በስብሰባ ላይ ግን የሚሳተፉት ያነሰ ነው። ጨዋታው የተበላ መሆኑን ስላወቁ ትተውት ቤታቸው ገብተዋል። መንግሥቱ የተማረ ሰው አፍርቶ በምላሹ ዝምታ አገኘ። ከሱ አንፃር ካያችሁት መጥፎ ንግድ አይደለም።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያው። የመጀመሪያው የሹመት ጉዳይ ነው፤ ማን ሬክተር፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ፣ ይሆናል የሚለው። ቱርክ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ በ1981፣ ሁሉንም ዩኒቨርሲቲዎች ከላይ የሚቆጣጠር አንድ ምክር ቤት ተቋቋመ። ወታደሮቹ ወደ ጦር ሰፈራቸው ከተመለሱ አርባ ዓመት አለፈ፤ ምክር ቤቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። እሱን ሲቃወሙ የኖሩ ፖለቲከኞች ሥልጣን ሲይዙ ተመቻቸው። መቆጣጠሪያ አንዴ ከተሠራ ማንም አያፈርሰውም፤ የሚቀየረው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። በጃንዋሪ 2016 በኩርዶች አካባቢ ሰላም ይውረድ የሚል መግለጫ ላይ ከ1,100 በላይ ምሁራን ፈረሙ፣ ኋላም ቁጥራቸው ከ2,000 በላይ ደረሰ። ብዙዎቹ ተከሰሱ፤ በዚያው ዓመት ከከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ከ6,000 በላይ የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ከሥራ ተባረሩ። የሬክተር ምርጫም ቀረ። ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ አበቃ።

በ2021 መጀመሪያ ላይ ኢስታንቡል ላለው ቦአዚቺ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ሬክተር ተሾመ፤ ሰውዬው ከዚያ በፊት በገዥው ፓርቲ በኩል ለፓርላማ ለመወዳደር የሞከረ ነው። ተማሪው ወጣ። መምህራኑ ጋዋናቸውን ለብሰው በየሥራ ቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለሬክተሩ ሕንፃ ጀርባቸውን ሰጥተው መቆም ጀመሩ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ፎቶው ዓለምን ዞሯል። ያልተወራለት ከሳምንታት በኋላ የመጣው ነው። በፌብሩዋሪ አንድ ሌሊት፣ በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሁለት አዳዲስ ፋኩልቲዎች ተከፈቱ። አንዱ የሕግ፣ ሌላው የኮሙኒኬሽን። ከመምህራኑ የጠየቀ የለም፣ በሴኔት የተወያየ የለም። አዲስ ፋኩልቲ ማለት አዲስ ዲን፣ አዲስ ቅጥር፣ በሴኔት ውስጥ አዲስ ድምፅ ማለት ነው። ምንም ሳይዘጋ፣ ማንንም ሳያባርር፣ በመክፈት ብቻ ሚዛኑን መገልበጥ ይቻላል። ሬክተሩ ራሱ በጁላይ እንደተሾመው በድንጋጌ ተነሳ፤ ፋኩልቲዎቹ ግን ቀሩ።

ሁለተኛው መሣሪያ ከሬክተሩ ቢሮ ይልቅ ዶርም ውስጥ ነው ያለው። በቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ፉዳውዩዌን የሚባሉ አማካሪዎች አሉ። ደንቡ ለ200 ተማሪ ቢያንስ አንድ አማካሪ ይመደብ ይላል። እነዚህን ሰዎች እንዲሁ ጆሮ ጠቢ ብላችሁ አትለፏቸው፤ ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ልጁ ቤቱ ናፍቆት ሲያለቅስ የሚያዋራው አማካሪው ነው። የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው በሱ በኩል ያልፋል። ሽልማት፣ የፓርቲ አባልነት፣ ሥራ ፍለጋ ላይ የሚጻፍ ድጋፍ፣ ሁሉም እሱ ጋር ይነካካል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ራሱም ወጣት ነው፣ ከተማሪዎቹ ብዙ የማይበልጥ። ዶርም ይጎበኛል፣ ማን እንደታመመ ያውቃል፣ ማን ክፍል እንደማይገባ ያውቃል፣ ማን ምን እያሰበ እንደሆነም ያውቃል። እንክብካቤውና ክትትሉ የት ላይ እንደሚለያዩ ተማሪው አያውቅም። አንዳንዴ አማካሪውም የሚያውቅ አይመስለኝም። የፖለቲካ ሳይንቲስቷ ኤሊዛቤት ፔሪ የቻይና ምሁራን በአብዛኛው ለምን ዝም እንዳሉ ስትመረምር፣ ከፍርሃቱ ጎን ለጎን ይህን የመሰለ ማቀፍ፣ ገንዘብ፣ ደረጃና ክብር መኖሩን ታነሳለች። በጥቅምና በእንክብካቤ የተያዘ ሰው ታስሬያለሁ አይልም።

ገንዘቡ ሦስተኛው ነው። እዚህ ላይ ቺሊን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አገሪቱ የነበሯት ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በወታደራዊ መንግሥቱ የተሾመ ሬክተር ደረሳቸው፤ ብዙዎቹ መኮንኖች ነበሩ። የቺሊ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው የአየር ኃይል ጄኔራል ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1981 ነው። የቺሊ ዩኒቨርሲቲ በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት ቅርንጫፎች ተቆርጠው ራሳቸውን ቻሉ፣ የመምህራን ማሠልጠኛውም ተገነጠለ፣ ተማሪው መክፈል ጀመረ፣ የግል ዩኒቨርሲቲ እንዲከፈት ተፈቀደ። በወረቀት ላይ የገበያ ማሻሻያ ነው። በተግባር አገር አቀፍ የተማሪና የመምህር እንቅስቃሴ የሚሰባሰብበትን አንድ ትልቅ ቤት ቆራርጦ መበተን ነው። በ1987 የተሾመውን ሬክተር መምህራንና ተማሪዎች ለሳምንታት ሥራ አቁመው አስነሥተውታል፤ ሰው ማንሳት ተቻለ። የ1981ዱን ሥርዓት ማንሳት ግን አምባገነኑ ከሄደ በኋላም አልተቻለም። ክፍያውን በመቃወም የተማሪዎች ሰልፍ ሳንቲያጎን ያጥለቀለቀው በ2011 ነው፤ ለብዙ ተማሪዎች ነፃ ትምህርት የመጣው በ2016። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ የነበረው ጋብሪየል ቦሪች በ2022 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

የዛሬዎቹ ከዚህም ይልቃሉ። ሀንጋሪ ውስጥ በ2021 አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ፋውንዴሽን ተዛወሩ። "ከመንግሥት እጅ ነፃ ወጡ" ተባለ። የፋውንዴሽኖቹ ቦርድ ላይ ሚኒስትሮችና ያኔ ለነበረው ገዥ ፓርቲ ቅርብ የሆኑ ሰዎች ተቀመጡ። መንግሥት በምርጫ ቢቀየር እንኳን ቦርዱ በቀላሉ አይቀየርም። ከዚያ በፊት በ2018 የጾታ ጥናት ፕሮግራም ከተፈቀዱት ዲግሪዎች ዝርዝር ወጥቷል፤ የተሰጠው ምክንያት ተማሪም ሥራም የለውም የሚል ነው። አያችሁ ቋንቋውን? ማንም "ይህን እንዳታስቡ" አላለም። ገበያ የለውም ነው ያሉት።

የትኛው ትምህርት ይኑር፣ የትኛው ይቅር የሚለው ጉዳይ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቻይና ሶሺዮሎጂን በ1952 ከዩኒቨርሲቲ ሰርዛ የመለሰችው በ1979 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት። ኢትዮጵያም ከዚህ ዝርዝር አትቀርም። ደርግ ሥልጣን በያዘ በወራት ውስጥ ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር በልማት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ስም ወደ ገጠር አሠማራ፤ ማንበብና መጻፍ ማስተማሩ እውነት ነው፣ ያንን ሁሉ ነገረኛ ከከተማ ማራቁም እውነት ነው። ዘማቹ ገበሬውን ከታሰበለት በላይ ማንቃት ሲጀምር ግን ደርግ ደነገጠ። በ1993 ደግሞ፣ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ የሆኑት፣ በ2008ም ሰባ በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የተባለው በዚያው አገዛዝ ነው። የሰባ ሠላሳው ምክንያት ልማት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ብራዚልን አንብቦ ለመጣ ሰው የመባረሩና የመስፋፋቱ ጉርብትና አዲስ አይሆንበትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ለተመራማሪው በጣም አስቸጋሪ የሆነው ነው፤ ያልተጻፈው ነገር። የታሰረ መምህር ይቆጠራል። ያልተጠየቀ ጥያቄ በምን ይቆጠራል? የማውቀው አንድ የማስተርስ ተማሪ ነበር። ቴሲሱን በቀበሌ ምርጫ ላይ ሊሠራ ፕሮፖዛል ጻፈ። አድቫይዘሩ ጥሩ ሰው ነው፣ አልከለከለውም። "ዳታ ከየት ታመጣለህ? ማን ደብዳቤ ይጽፍልሃል?" ብቻ አለው። በሁለተኛው ረቂቅ ምርጫው "የማኅበረሰብ ተሳትፎ" ሆነ፣ በሦስተኛው "ወጣቶችና ማኅበራዊ ሚዲያ" ሆኖ ጸደቀ፣ ጥሩ ውጤትም አገኘበት። በዚህ ሂደት ውስጥ አንድም ካድሬ የለም፣ አንድም ማስፈራሪያ የለም። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው።

ስለ ቻይና የሚያጠኑ ከ500 በላይ የውጭ ምሁራን በ2018 ተጠይቀው ነበር። ባለሥልጣናት "ሻይ እንጠጣ" ብለው (ለጥያቄና ለማስጠንቀቂያ ማለት ነው) ጠርተዋቸው ያውቃሉ ወይ ሲባሉ አዎ ያሉት 9 በመቶ ገደማ ናቸው። ቪዛ ያስቸገራቸው ከዚያም ያነሱ። ራስን በራስ ሳንሱር ማድረግ በሙያው ውስጥ አሳሳቢ ነው ያሉት ግን ከሦስት ሁለቱ ናቸው። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ለኔ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው። ጥቂት ሰው ሻይ ትጋብዛለህ፣ ሌላው ራሱ ይጠነቀቃል። ዛሬ በየዓመቱ የሚወጣው የአካዳሚክ ነፃነት መለኪያ የታሰረ ሰው ከመቁጠር ይልቅ ከ2,000 በላይ ባለሙያዎችን እየጠየቀ የሚሠራው ለዚህ ይመስለኛል። ብዙ የሚታሰርበት ቦታ ሳይሆን ማንም የማይታሰርበት ቦታ ነው አንዳንዴ የባሰው፤ የሚያሳስር ነገር የሚጽፍ ሰው ካልቀረ።

ዘዴው ታዲያ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። ዲግሪ የሰጠኸው ልጅ ሥራ ይፈልጋል። ቻይና ከ1999 ጀምሮ በሩን በሰፊው ከፈተች፤ በ2023 በአንድ ዓመት ብቻ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በጁን በከተማ ያሉ ወጣቶች ሥራ አጥነት 21.3 በመቶ ደረሰ፤ በኦገስት የስታቲስቲክስ ቢሮው ቁጥሩን ማውጣት አቆመ። ከወራት በኋላ አቆጣጠሩን ቀይሮ፣ ተማሪዎችን አውጥቶ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ይዞ ተመለሰ። የተባረሩትም ዝም ብለው አይቀሩም። ያ በ37 ዓመቱ ጡረታ የወጣው ካርዶዞ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ፣ በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ የምርምር ተቋም ከፈተ። ወታደራዊው አገዛዝ አልፎ፣ በ1995 የብራዚል ፕሬዚዳንት ሆነ። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ግን ከስንት አንድ ነው፤ አብዛኛው ተባራሪ ሙያውን ቀይሮ ወይም ተሰዶ ነው የቀረው።

አንድ ነገር ላይ አሁንም ከሰው ጋር እከራከራለሁ፤ ውጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ ምን ያድርግ የሚለው። በማርች 2022 ከ180 በላይ የሩሲያ ሬክተሮች ጦርነቱን የሚደግፍ መግለጫ ላይ ፈረሙ፤ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ፈራሚዎቹ የሚመሯቸውን አባል ተቋማት አገደ። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ የፈረመው ሬክተሩ ነው፣ የታገደውም ወንበሩ ነው። የሀንጋሪው ግን ይከብደኛል። በ2022 መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት በፋውንዴሽን ከሚተዳደሩት ጋር አዲስ የገንዘብ ውል አልገባም አለ፤ የቦርዱ ነገር የጥቅም ግጭት አለበት ብሎ ነው፣ ልክም ነው። በዚህ የተነሳ በኅብረቱ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም በኢራስመስ ወደ ሌላ አገር ሄዶ አንድ ሴሚስተር መማር የሚፈልገው ተማሪ በሩ ተዘጋበት። መንግሥቱም ፓኖኒያ የሚባል የራሱን ስኮላርሺፕ አዘጋጀ። ስለዚህ ልጁ ውጭ አገር የተማረው በብራስልስ ገንዘብ ሳይሆን ቅጣቱን ባመጣው መንግሥት ገንዘብ ነው። ኅብረቱ ገንዘቡን በቦርዱ በኩል ሳያሳልፍ በቀጥታ ለተማሪውና ለተመራማሪው መስጠት ይችል ነበር የሚሉ አሉ። አሠራሩ ይከብዳል ይባላል። እኔ ከነሱ ወገን ነኝ፤ የሚከብድ ከሆነም ይክበድ።